የዶክትሬት ምርምር የመጨረሻ ምዕራፍና ቀጣዩ ሥራ፦ ከደምበጫ የዝሆኔ በሽታ ጥናት ታሪክ

መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ደምበጫ በምዕራብ ጎጃም ዞን የምትታወቅ የወረዳ ከተማ ናት። አካባቢዋ እህል የሚያበቅል፣ ዝናብ የማያጣው፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ አለት በተፈጠረ ቀይ አፈር የተሸፈነ ምድር ነው። ይህ አፈር ገበሬውን ይመግበዋል፤ በባዶ እግሩ ለረጅም ዓመታት ሲረግጠው የኖረውን ሰው እግር ግን ቀስ በቀስ ሊያሳብጠው ይችላል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ከሚለው ሕመም አንዱ ዓይነት የሆነውና በሕክምናው ዓለም ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው በሽታ በትልም ሆነ በሌላ ተሕዋስያን የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ሆኖም ሕሙማኑ ከጋብቻ፣ ከገበያና ከማኅበር እንዲገለሉ ሲያደርግ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በእነ ዮርዳኖስ ሞላ የታተመ አንድ ጥናት የዚህን በሽታ ስፋት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ለክቶ አቀረበ። በ20 ቀበሌዎች የሚገኙ 17,553 ቤቶች አንድ በአንድ ተጎብኝተው የበሽታው ስርጭት 3.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከሕሙማኑ 87 በመቶ የሚሆኑት ሠርተው ሊያድሩ በሚችሉበት ዕድሜ ክልል ውስጥ ነበሩ። ሕሙማኑ እብጠቱ ከጀመራቸው በኋላ ሕክምና የፈለጉት በአማካይ ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር። በየዓመቱም ለአምስት ጊዜ ያህል አጣዳፊ የእግር ሕመም እየተነሣባቸው፣ በድምሩ 90 ቀን ያህል በዚሁ ሕመም ያሳልፉ እንደነበር ተመዘገበ። ጫማ ማድረግ የጀመሩበት አማካኝ ዕድሜ 22 ዓመት ነበር።

እንዲህ ያለ ቁጥር በአንድ ጀምበር አይገኝም። ከበስተጀርባው የሠለጠነ ተመራማሪ፣ ለዓመታት የተከፈለ ደመወዝ፣ እስከ ኅትመት የዘለቀ የገንዘብ ድጋፍና ከአንዱ ጥናት ወደ ሌላው የሚያሻግር እቅድ አለ። የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት የዚህ ሰንሰለት ዋነኛ መጋጠሚያ ነው። ሰንሰለቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚላላው በትምህርቱ መጀመሪያ ሳይሆን በመጨረሻው ዓመትና ከምረቃ ማግሥት ነው። ይህ ጽሑፍ በዝሆኔ በሽታ ምርምር ታሪክ አማካይነት ያ መጋጠሚያ መቼ እንደላላና መቼ እንደጸና ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረካቢ ያላገኘ ዕውቀት

በኢትዮጵያ የዝሆኔ በሽታ በስፋት መጠናት የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በ1969 ኡመን የተባሉት ሐኪም ባሳተሙት ጥናት በ56 ገበያዎች ላይ በተደረገ ቆጠራ የበሽታው ስርጭት በአማካይ 2.7 በመቶ መሆኑ ተገለጸ። የገበያ ቆጠራ ርካሽና ፈጣን ዘዴ ነው። ሆኖም እግሩ አብጦ ከቤት መውጣት ያቃተውን ወይም ያፈረውን ሰው አይቆጥርም።

በ1970ዎቹ ደግሞ በአዲስ አበባ በአለርት ማዕከል በሥጋ ደዌ ሕክምና ላይ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከቀይ አፈር ጋር ያለውን ግንኙነት በተከታታይ መረመሩ። በሽታውን «ፖዶኮኒዮሲስ» ብለው የሰየሙትም እርሳቸው ናቸው፤ ቃሉ እግርንና አቧራን ከሚያመለክቱ የግሪክ ቃላት የተወሰደ ነው። ፕራይስ የደረሱበትን ዕውቀት አጠቃለው የያዙበት መጽሐፍ በ1990 በኦክስፎርድ ታተመ።

መጽሐፉ ትልቅ ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሐኪም በግል ትጋቱ የደረሰበት ዕውቀት ሥራውን የሚረከቡ ተማሪዎች ካልተደራጁለት በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ከፕራይስ የመስክ ሥራ በኋላ በዚህ በሽታ ላይ የሚደረገው ምርምር ለዓመታት ቀዝቅዞ የቆየ ሲሆን፣ በዚያው ጊዜ የጎጃም ገበሬ ያንኑ አፈር በባዶ እግሩ መርገጡን አላቋረጠም።

የቡታጅራ ትምህርት

ተመራማሪን በተከታታይ ማፍራት በአገር ውስጥ እንዴት እንደሚቻል በቅድሚያ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ1986 የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍልና በስዊድን በሚገኘው የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ሲሆን፣ ገንዘቡ የመጣው ከስዊድን መንግሥት የምርምር ትብብር ድርጅት ነበር። ዶክተር ደስታ ሻመቦ፣ ዶክተር ሉሉ ሙሔ፣ ዶክተር አታላይ ዓለምና ዶክተር የማነ ብርሃኔ የዶክትሬት ሥራቸውን ከዚህ ፕሮግራም ጋር አያይዘው ከሠሩት መካከል ናቸው።

የአሠራሩ ስልት በተለምዶ «ሳንድዊች» ይባላል። ተማሪው መረጃውን የሚሰበስበው በአገሩ ነው፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ለኮርስ፣ ለትንተናና ለጽሑፍ በየተወሰነ ጊዜ ነው። በስዊድን ልማድ የመመረቂያ ሥራው የበርካታ ሳይንሳዊ ጽሑፎች ስብስብ ከማጠቃለያ ጋር ነው። የዚህ ጥቅሙ ተማሪው ሲመረቅ የታተመ ሥራ በእጁ መያዙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንድ ጽሑፍ በመጽሔት ገምጋሚዎች እጅ ሲዘገይ ምረቃውም አብሮ የሚዘገይ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ምዕራፍ በተማሪው ትጋት ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ በጊዜና በገንዘብ ይወሰናል።

የቡታጅራ ፕሮግራም ዘላቂ ጥቅም የመጣው ከምረቃ በኋላ ነው። የነዋሪዎች ልደት፣ ሞትና ዝውውር የሚመዘገብበት ሥርዓት አንድ ተማሪ ሲመረቅ አልተዘጋም፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዚያው ተነሥቶ ሥራውን ይጀምራል። ለምሳሌ ዶክተር አታላይ ዓለም በ1997 ካጠናቀቁት የገጠር የአእምሮ ጤና ጥናት በኋላ በዚያው በቡታጅራ የከባድ የአእምሮ ሕመሞች የረጅም ጊዜ ክትትል ቀጠለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2003 የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀመረ። አንድ መመረቂያ ለሌላ ትምህርት ቤት መሠረት የሚሆነው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው።

ከማስተርስ ጥናት ወደ ዘረ መል ምርምር

የዝሆኔ በሽታ ምርምር ዳግም የተነቃቃው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤፒዲሚዮሎጂ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸውና ተማሪዎቻቸው ጋር በወላይታ ተከታታይ ጥናቶችን ጀመሩ። በ2003 የታተመው ጥናት በወላይታ የበሽታውን ስርጭት 5.46 በመቶ አድርሶታል። በ2006 ዶክተር ፋሲል ተኮላ በመሪ ጸሐፊነት ያቀረቡት ጥናት ደግሞ ሕሙማን በዓመት ከሚሠሩበት ቀን 45 በመቶውን በበሽታው ምክንያት እንደሚያጡና 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ባለበት ዞን ጠቅላላ ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚደርስ አሳየ።

ይህ የኢኮኖሚ ስሌት ለቀጣዩ የገንዘብ ጥያቄ ጠንካራ ማስረጃ ሆነ። ገንዘብ ሰጪ ድርጅት በሽታው ሰውን እንደሚያሠቃይ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚያስከፍልም ሊያውቅ ይሻል። በ2007 በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የተሠራው ጥናት በሽታው በዘር የመውረድ ድርሻው 63 በመቶ እንደሚደርስ ገመተ። ከዚያ ተከትሎ በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው የዘረ መል ጥናት፣ ከ194 ሕሙማንና ከ203 ጤነኞች በተወሰደ ናሙና በሽታው ከሰውነት የመከላከል ሥርዓት ጋር ከተያያዘ የዘረ መል ክፍል ጋር ግንኙነት እንዳለው አረጋገጠ። የጥናቱ መሪ ጸሐፊ ዶክተር ፋሲል ተኮላ ሲሆኑ፣ ወጪው በእንግሊዙ ዌልካም ትረስትና በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጭምር ተሸፍኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ከዘረ መል ውጤቱ በፊት፣ በ2009፣ እነዚሁ ተመራማሪዎች በሽታው የሚያስከትለው መገለል ፈቃደኝነትን በመጠየቅ ሂደት ላይ ስለሚያሳድረው ተጽዕኖ ጥናት አሳትመዋል። ሕሙማኑ «በሽታው በዘር ይወርዳል» የሚለው ቃል ቤተሰባቸውን ይበልጥ እንዳያስነቅፍ ይሠጉ ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ጥናት የዋለው ጊዜና ገንዘብ የላቦራቶሪ ወጪ አይደለም፤ ሆኖም ያለ እርሱ የላቦራቶሪው ሥራ አመኔታ አያገኝም ነበር።

ደምበጫ በካርታው ላይ

በደምበጫና በደብረ ኤልያስ የተካሄደው ቆጠራ የተከተለው ይህንን ሁሉ ነው። ጥናቱ በጎጃም ደጋ በሽታው ምን ያህል እንደሆነ ከማሳየቱም በላይ፣ ለቀጣይ ጥናቶች የመነሻ መረጃ ሆኗል። በ2014 የታተመ ሌላ ሥራ በጎጃም የተገኘውን የስርጭት መረጃ ከአፈር ማዕድናት ጋር አነጻጽሮ ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት ከበሽታው ስርጭት ጋር ተያያዥነት እንዳላቸው አመለከተ።

በ2013 ደግሞ ሥራው ከወረዳ ወደ አገር ተሻገረ። በ659 ወረዳዎች ውስጥ በ1,315 ማኅበረሰቦች 129,959 ሰዎች ተመርምረው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የዝሆኔ ካርታ ተሠራ። ከአዋቂዎች መካከል የበሽታው ስርጭት 4 በመቶ ሆኖ የተገኘ ሲሆን፣ በ2015 የታተመው ስሌት 34.9 ሚሊዮን ሕዝብ በሽታው ሊከሰትበት በሚችል አካባቢ እንደሚኖር ገመተ። የዚህ ካርታ መሪ ተመራማሪ ዶክተር ከበደ ደሪቤ ሥራውን ያከናወኑት በዌልካም ትረስት የማኅበረሰብ ጤናና የትሮፒካል ሕክምና የሥልጠና ፌሎውሺፕ ድጋፍ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በብራይተንና ሰሴክስ የሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ በኋላም ከዚሁ ድርጅት ለመካከለኛ ደረጃ ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ፌሎውሺፕ አግኝተዋል።

የዚህ ዓይነቱ ድጋፍ አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። የሥልጠና ፌሎውሺፕ የትምህርት ክፍያን ብቻ የሚከፍል ስኮላርሺፕ አይደለም፤ የተመራማሪውን ደመወዝና የመስክ ሥራውን ወጪ ጭምር ይይዛል። የሚቀጥለው ደረጃ ፌሎውሺፕ ሲጠየቅ ደግሞ አመልካቹ የዶክትሬት ውጤቱን፣ አዲስ የምርምር ጥያቄና የሚቀበለው ተቋም መኖሩን ማሳየት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የመመረቂያው የመጨረሻ ምዕራፍና የቀጣዩ ማመልከቻ የመጀመሪያ ገጽ በአንድ ጊዜ የሚጻፉ ሥራዎች ናቸው።

የመጨረሻው ዓመት ለምን ይከብዳል?

የዶክትሬት ምርምር በጀት ሲዘጋጅ አስቀድሞ የሚታየው ለዓይን የሚታየው ወጪ ነው፦ የመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ የመኪና ነዳጅ፣ የላቦራቶሪ ዕቃ። የመጻፊያው ዓመት ግን ነዳጅ አይፈልግም ተብሎ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚያ ዓመት የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ማለት ደግሞ ደመወዝ ነው። መምህር የሆነው ተማሪ ከመስክ ሲመለስ የማስተማር ጫናው ይጠብቀዋል። ሐኪም የሆነው ወደ ተረኛነቱ ይመለሳል። የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም የመመረቂያው ጽሑፍ እስኪያልቅ አይታገሡም።

ከዚህ ሌላ የስታቲስቲክስ ትንተና፣ የቋንቋ እርማት፣ ለመመረቂያ ፈተና የሚደረግ ጉዞና የኅትመት ክፍያ አለ። በዚህ ረገድ በ2000ዎቹ ሁለት ጠቃሚ ለውጦች ታይተዋል። በ2002 የተጀመረው ሂናሪ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን እንዲያነቡ በር ከፈተ። ክፍት መጽሔቶች ደግሞ አንባቢን ሳያስከፍሉ፣ መክፈል ለማይችሉ የደሃ አገር ጸሐፊዎች ክፍያውን እየቀነሱ ወይም እየተዉ ማተም ጀመሩ። የደምበጫው ጥናት የታተመው በእንዲህ ያለ መጽሔት ነው፤ ስለዚህ የደምበጫ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ስለራሱ ወረዳ የተጻፈውን ያለ ክፍያ ሊያነበው ይችላል።

ገንዘቡ ሳይበቃ የቀረ ተማሪ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ቤታቸውን ከፍተው፣ ያበጠ እግራቸውን አሳይተው፣ ለጥያቄ ሁሉ መልስ የሰጡት ሕሙማን መረጃ በኮምፒውተር ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት የመስክ ሥራን ባከበደበት፣ በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት በተዘጋበት ጊዜ፣ ይህ አደጋ ከበፊቱ ይልቅ ቅርብ ሆኗል።

ከምረቃ በኋላ ያለው መንገድ

ዶክትሬት አግኝቶ የተመለሰ ተመራማሪ ምን እንደሚጠብቀው የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ታሪክ ያስተምራል። በ1964 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ፈጽመው የተመለሱት አክሊሉ፣ በዚያው ዓመት በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ በመሆኑ፣ ምልከታው ወደ አዲስ የመከላከያ መንገድ አመራ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ።

ሆኖም የእንዶድን ደኅንነት በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ መስፈርት ማረጋገጥ ረጅም ዓመታትና በአገር ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ ጠየቀ። አክሊሉ ለማና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲያገኙ፣ ከዓድዋው ምልከታ 25 ዓመት አልፎ ነበር። ግኝቱ ፈጣን ነበር፤ ያዘገየው ከግኝት ወደ ጥቅም የሚያሻግረው ድልድይ አለመኖሩ ነው። በሌላ በኩል ኢንስቲትዩቱ ከመሥራቹ አልፎ የሚቀጥል ተቋም ሆነ፤ ስሙም ዛሬ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው።

በጎጃም የዝሆኔ በሽታ ጥናት ውስጥ ያ ድልድይ በአንጻሩ በአጭር ጊዜ ተሠራ። ስርጭቱ ከተለካ በኋላ የተነሣው ቀጣይ ጥያቄ «ሕክምናው ይጠቅማልን?» የሚል ነበር። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ ጎልቤት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሙከራ በ2014 መጨረሻ ተጀመረ፤ ውጤቱም በ2018 ታተመ። ሕክምናው ውስብስብ አልነበረም፦ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳን መንከባከብ፣ መጠቅለያ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። ወዲያውኑ ሕክምና የጀመሩት ሕሙማን በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ አጣዳፊው ሕመም ሲነሣባቸው፣ ለ12 ወራት የቆዩት ሕሙማን ግን 23.9 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል። ሕክምናው ዘግይቶ የተሰጣቸውም ከሙከራው ጊዜ በኋላ አግኝተውታል።

ከዚህ ውጤት ሌላ ትምህርትም ይወጣል። በደምበጫው ቆጠራ ሕሙማን በዓመት አምስት ጊዜ ያህል እንደሚታመሙ ተናግረው ነበር፤ በቅርብ ክትትል የተመዘገበው ግን ከዚያ በእጅጉ የበዛ ሆነ። የሁለቱ ጥናቶች ዘዴና ቦታ የተለያየ ቢሆንም፣ ታማሚ በአንድ ቀን መጠይቅ የሚያስታውሰውና በየጊዜው ሲጎበኙት የሚናገረው አንድ እንዳልሆነ ያሳያል። አንድ ጥናት ያላየውን ተከታዩ ያያል፤ ተከታይ ከሌለ ግን የመጀመሪያው ግምት እንደ እውነት ተይዞ ይኖራል።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው የዶክትሬት ተማሪ፣ ለአማካሪውና ለላከው ተቋም የሚሆን ምክር ይገኛል። የመጻፊያው ዓመት ደመወዝ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይያዝ፤ በመጨረሻ የሚለመን አይሁን። የቀጣዩ ድጋፍ ማመልከቻ ከምረቃው አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ይጀመር፤ ከጥሪ እስከ ገንዘብ መለቀቅ ያለው ጊዜ ረጅም ነውና። የሚመለስበት ተቋም የምርምር ጊዜውን በጽሑፍ ያረጋግጥለት። መረጃውም ለሚቀጥለው ተማሪ መነሻ እንዲሆን በሥርዓት ተሰንዶ በአገር ይቀመጥ።

የወረዳው ጤና ባለሙያም ከዚህ ሰንሰለት ውጭ አይደለም። ተመራማሪው ወደ ቀበሌው ሲመጣ በሩን የሚከፍትለት፣ ውጤቱ ሲታተም ደግሞ ወደ ሕሙማኑ መመለሱን ሊጠይቅ የሚገባው እርሱ ነው። በደምበጫ ዘመናቸውን ሁሉ በዓመት 90 ቀን በሕመም ሲያሳልፉ ለኖሩት ሰዎች የአንድ ዶክትሬት መጠናቀቅ የሚለካው በምረቃው ቀን አይደለም። ሳሙናው፣ ካልሲውና ጫማው እነርሱ ዘንድ በደረሰበት ቀን ነው።